አልቅት የናፈቀኝ በጋ

ሰው ብዙ ነገር ይናፍቃል። እኔ አንድ በጋ ሙሉ አልቅት ስናፍቅ ቆይቻለሁ። አዎ፣ ያንኑ ከብት አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ደም የሚመጠውን አልቅት። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ እኔም አሁን አሁን እስቃለሁ። ብቻ ነገሩን ከመነሻው ልንገራችሁ።

ነገሌ ቦረና ተወልጄ፣ ነገሌ ቦረና አድጌ፣ እዚያው የባዮሎጂ አስተማሪ የሆንኩ ሴት ነኝ። አባቴ ወታደር ነበር። ከጎጃም ተነስቶ፣ ስንት አገር ዞሮ፣ በመጨረሻ እዚህ ጦር ሰፈር ደረሰና እናቴን አስመጣ። መንግሥት ሲለወጥ፣ ሠራዊቱም ሲበተን፣ "አገር ቤት ደርሼ ሁኔታውን አይቼ እወስዳችኋለሁ" ብሎ ወጣ። እናቴ እስክትሞት ድረስ ሁኔታውን እያየ ነበር ማለት ነው። ከእሷ በኋላ አንድ ክፍል ቤትና አንድ ራዲዮ ቀሩኝ። ዜና አንባቢው "እንደምን አመሻችሁ" ሲል "እግዚአብሔር ይመስገን" ብዬ የምመልስ ሰው ሆኜ ነበር።

በእኛ አገር ሰላምታ ረጅም ነው። የሰው ሰላም ይጠየቃል፣ የከብት ሰላም ይጠየቃል፣ የሣሩና የውሃው ሰላም ሳይቀር ይጠየቃል። ከዚያ "የማን ልጅ ነሽ? ጎሳሽ ማነው?" ይከተላል። እኔ "የወታደር ልጅ ነኝ" ስል ጨዋታው እዚያ ላይ ይቆማል። ክፋት የለበትም፤ ሰውየው የሚቀጥለውን ጥያቄ አጥቶ ነው። ግን ዕድሜ ልክ ጨዋታ ሲቆምብህ ደስ አይልም።

ከከተማው ወጣ ብሎ ሐሮ ጉራቻ የሚባል ረግረግ አለ። ከድንጋይ ሥር የሚመነጭ ውሃ ተንጣልሎ፣ ደንገል አብቅሎ፣ በበጋ እንኳ የማይደርቅ። የአካባቢ ጥበቃ ሥልጠና ወስጄ ስመለስ ይህን ረግረግ በፈቃደኞች እንከታተለው ብዬ ተነሳሁ። ሥራው ቀላል ነው። በወንፊት ከውሃው ዳር ትጨልፋለህ፣ የወጣውን ነጭ ሳፋ ላይ ትገለብጣለህ፣ ከዚያ የሚንቀሳቀሰውን ታያለህ። የውሃ ተርብ ልጆችን ካየህ ውሃው ጤነኛ ነው። እነሱ ጠፍተው አልቅትና ቀይ ትል ብቻ ከቀሩ ውሃው ታሟል፤ አልቅት ቆሻሻ የሚችል ፍጡር ነውና።

መጀመሪያ ብዙ ነበርን። ከገበያው ጨርቅና ስኳር የምትሸጠው ዘይነባ ነበረች፤ ከአያቶቿ ጀምሮ ነጋዴ የሆነች፣ ምላሷም እንደ ሚዛኗ የማያዳላ ሴት። አዴ ሎኮ ነበሩ፣ ከረግረጉ ዳር ሣር የሚያጭዱ የሠፈሩ ባልቴት። አስተማሪዎችም ነበሩ። ከዚያ ቅዳሜ የገበያ ቀን ሆነች፣ የአዴ ሎኮ ልጅ ወለደች፣ አንዱ አስተማሪ ወደ ክብረ መንግሥት ተዛወረ፣ ሌላው አገባ። ዘይነባ ግን እውነቱን ፊት ለፊት ነገረችኝ።

"ቲቸር፣ ወላሂ እወድሻለሁ። ግን ሰው ስንት ቅዳሜ ትል ያያል?"

የቀሩት ሃምሳ አለቃ ዘውዴ ብቻ ነበሩ። የድሮ ወታደር ናቸው። አባቴን ያውቁት እንደሆነ ጠይቄአቸው "ሌላ ብርጌድ ነበርኩ" ብለው አዝነውልኛል። ሠራዊቱ ሲበተን የሚመለሱበት ቤት ስላልነበራቸው እዚሁ ቀሩ፤ የመጋዘን ዘበኛ ሆነው ይኖራሉ። ቅዳሜ ከእኔ ቀድመው ይደርሳሉ። ካኪ ካፖርታቸውን እስከ አንገት ቆልፈው፣ ወንፊቱን እንደ ጠመንጃ አንግተው ይቆማሉ። ለነፍሳት ፍቅር አልነበራቸውም፤ የሚጠብቃቸው ሰው መኖሩን ነበር የወደዱት። ይህን ያወቅሁት የእኔም በሽታ እሱ ስለነበረ ነው።

ከነገሩ በፊት በነበረው ቅዳሜ ሳፋው ላይ አልቅት ብቻ ተርመሰመሰ። ከፋኝ።

"አለቀልን ሃምሳ አለቃ" አልኳቸው። "ውሃው እየሞተብን ነው።"

"አልቅቱ በዝቶ ነው?"

"አዎ። እነዚህ ብቻ ሲቀሩ ነገሩ አበቃ ማለት ነው።"

ሳፋው ላይ ጎንበስ ብለው አልቅቶቹን በጣታቸው ነካኩ። ከዚያ "በእኔ ጣዪው" አሉኝ። ማጽናኛ መስሎኝ አመሰገንኳቸው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ስደርስ በቦታቸው አልነበሩም። ከእሳቸው መቅረት ይልቅ ግን ያስደነገጠኝ ዝምታው ነው። ሐሮ ጉራቻ ዘንድ ሲደረስ መጀመሪያ የሚሰማው እንቁራሪት ነው፤ ሰው ሲቀርብ አንዴ ዝም ይላል፣ ከዚያ ይቀጥላል። ያን ቀን የሚቀጥል አልነበረም። ወደ ዳሩ ወረድኩ። እንቁራሪቶቹ ነጭ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ተንሳፍፈዋል። ወንፊቱን ጨለፍኩና ሳፋው ላይ ገለበጥኩ። የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ውሃው አፍንጫ የሚያቃጥል ሽታ ነበረው፣ ከብት ሲረጭ የምናውቀው ሽታ።

"እንዴት አደርሽ ልጄ!"

ሃምሳ አለቃ ከደንገሉ ጀርባ መጡ። ጺማቸውን ተላጭተዋል። ፊታቸው እንዲህ ሲበራ አይቼ አላውቅም።

"ግዳጁ ተፈጽሟል" አሉኝ ቀጥ ብለው ቆመው። "አንድም አልቅት አይተርፍም። የመዥገር መድኃኒት ነው፤ ለከብቱ የሚረጩት። ከከብቱ መውረጃ በኩል አፈሰስኩት።"

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ማስረዳት ሞከርኩ። አልቅቱ በሽታው አይደለም፣ የበሽታው ምልክት ነው፤ ትኩሳት ያለበትን ሰው ቴርሞሜትር መስበር አያድነውም አልኳቸው። ቀስ በቀስ ገባቸው። ወደ ውሃው ዞረው እንቁራሪቶቹን አሁን ገና አዩአቸው።

"እነዚህንም ነው የገደልኩት?" አሉ። ድምፃቸው እንደ ልጅ ሆነ።

በዚህ መሐል ከቆላው በኩል አቧራ ተነሳ።

ያ ወር የቦና ወር ነበር፣ ደረቁ ወቅት። ከዳዋ ወንዝ በኩል ያሉ ኩሬዎች ሁሉ ደርቀው ነበር። ከሩቅ ውሃ የሸተተው ከብት አረማመዱን ይለውጣል። ይህም መንጋ እየተጣደፈ፣ ጭራውን እያነሳ ይመጣል። ወደ ውሃው የሚያስወርደው መንገድ አንድ ብቻ ነው፣ በሁለት አለቶች መካከል። ምን ያህል መድኃኒት እንደፈሰሰ ሃምሳ አለቃም አያውቁም፤ ያፈሰሱትም እዚያው ከብቱ አፉን በሚነክርበት ቦታ ነው። የግራር እሾህ እየጎተትን መውረጃው ላይ አጋደምን። እጄ ደማ፤ እሳቸውም ካፖርታቸው ተቀደደ።

በእኛ አገር እሾህ መውረጃ ላይ ከተጋደመ ውሃው ተዘግቷል ማለት ነው። ይህን የሚያጋድመው ግን አባ ሄሬጋ ነው፣ የውሃ ተራ ዳኛው። ተራ ሰው፣ ያውም ጎሳ የሌላት ሴት፣ በቦና ወር ውሃ ዘግታ መቆሟ ነውር ብቻ አይደለም። ሰው የሚጣላበት ነገር ነው።

ከመንጋው ፊት የመጣው ሰው አባ ጉዮ ይባላል፤ ቀጭን፣ ከንፈሩ በጥም የተሰነጠቀ ጎልማሳ። ከሁለት ወንድሞቹ ጋር ነበር። እንዲያ ሆኖ እንኳ ሰላምታውን አልዘለለም።

"ነጋ?"

"ነጋ" አልኩት። ሰላም ነው ማለቴ ነው። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ውሸት ተናግሬ አላውቅም።

"ይሄን እሾህ ማነው ያስቀመጠ?"

"እኔ ነኝ። ውሃው መርዝ አለበት። እባክዎ ከብቱን ያቁሙልኝ።"

"አባ ሄሬጋ አዞሻል?"

"አላዘዘኝም። ጊዜ አልነበረም።"

እኔን አየ፣ ካፖርት የለበሱትን ሽማግሌ አየ። "የማን ልጅ ነሽ አንቺ? ጎሳ?"

ያቺ ጥያቄ። ምን ልበል?

"የከተማ ሰው ነሽ" አለ ራሱ መልሶ። "ውሃ ለራሳችሁ ፈለጋችሁ። ቢሻን፣ ውሃ፣ ይከለከላል? ጠላትም ቢሆን ይጠጣል እንጂ!"

ላሞቹ ከኋላው ይገፋሉ። ወንድሞቹ በበትር ቢመክቱም ጥም ምን ይሰማል! አንዷ አፍንጫዋን እሾሁ ላይ አድርጋ ስትጮህ ትንፋሿ ፊቴ ላይ ይሰማኛል። የሞቱ እንቁራሪቶች ሳፋው ላይ ጨልፌ ከአባ ጉዮ እግር ሥር አስቀመጥኩት። እንቁራሪቶቹን ተቀምጦ በጣቱ ገለበጣቸው፣ አሸተተ። ፊቱ ተለወጠ። ብድግ ብሎ በኦሮምኛ ጮኸና ከእኛ ጋር ሆኖ ከብቱን ወደ ኋላ መመለስ ጀመረ።

ሁሉንም ግን አልያዝንም። አንዲት ቀይ ጊደር በአለቱ ጎን ሾልካ ወረደች። ስንደርስባት ጠጥታለች።

መንጋው ራቅ ብሎ ወዳለው ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ተነዳ፤ ከወንድሞቹ አንዱ ተራ ሊለምን ቀድሞ ሮጠ። እኔና ሃምሳ አለቃ፣ አባ ጉዮም፣ ከጊደሯ ጋር ቀረን። መጀመሪያ ምራቋ ተዝረበረበ። ከዚያ ጡንቻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አባ ጉዮ ጭንቅላቷን ጭኑ ላይ አድርጎ በስሟ እየጠራ ያባብላታል። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ሞተች። ሰውየው አላለቀሰም፤ ዓይኗን በእጁ ሸፈነላትና ቀና አለ።

"ማነው ይሄን ያደረገ?"

አያችሁ፣ ታሪኩ እዚህ ጋ ነው። የሚያውቀው የለም፤ ከእኔና ከእሳቸው በስተቀር። "አላውቅም" ብል ማን ይጠይቀኛል? ግን ካልተነገረ ከተሜው ሁሉ ይጠረጠራል፤ ነገሩም በዚህ አይቆምም። ብናገር ደግሞ በዚህ ዓለም ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጠብቀኝን አንድ ሰው አሳልፌ መስጠቴ ነው። ላም እሳት ወለደች፣ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት የሚሉት ያን ቀን ገባኝ።

ሃምሳ አለቃ ኮፍያቸውን አወለቁ።

"እኔ ነኝ" አሉ። "አልቅት ልገድል ብዬ ነው። እሷ አታውቅም።"

አባ ጉዮ በትሩን ጨብጦ ተጠጋቸው። የሚመታቸው መስሎኝ ነበር። "ጎሳህ ይጠራ" አለ በመጨረሻ። "ነገ ከግራሩ ሥር እንነጋገር።"

"ጎሳ የለኝም" አሉ ሃምሳ አለቃ። "የነበረኝ ብርጌድ ነው። እሱም ተበትኗል።"

በማግስቱ ከረግረጉ በላይ ባለው ግራር ሥር ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ወሬው ከተማውን ሞልቶት ነበር፤ ከከተማ ግን ማንም አልመጣም። ዳኛው የጥልቁ ጉድጓድ አባ ሄሬጋ ነው፤ ከብዙ ማዳመጥ የተነሳ ዓይኑን ጨፍኖ የሚቀመጥ ሽማግሌ። ሃምሳ አለቃ መሐል ላይ ብቻቸውን ቆመዋል። የተቀደደ ካፖርታቸውን በክር ጠቅመውታል።

በእኛ አገር ጥፋት የአንድ ሰው አይደለም። ያጠፋ ሰው ወገኑ ከኋላው ይቆማል፣ ካሳውንም ወገኑ ይከፍላል። ከኋላው ሰው የሌለው ግን እንዴት ይዳኛል?

"ከዚህ ሰው ኋላ ማን አለ?" አለ አባ ሄሬጋ።

ሃምሳ አለቃ ወደ ኋላቸው አልዞሩም፤ ማንም እንደሌለ ያውቃሉ። ጀርባቸውን ሳይ አባቴ የወጣ ዕለት ያየሁት ጀርባ ትዝ አለኝ። ተነሳሁና ሄጄ ከኋላቸው ቆምኩ።

"እኔ አለሁ።"

"ምንህ ናት?"

ሃምሳ አለቃ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም መልሱን አላውቀውም። "ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ውሃውን እናያለን" አልኩ።

ከተሰበሰቡት አንዳንዱ ሳቀ። አባ ሄሬጋ ግን ዓይኑን ገለጠ።

"ውሃውን የምታዩ እናንተ ሁለት ብቻ ናችሁ?"

"ብዙ ነበርን።"

"ነበርን የሚባል ጎሳ የለም" አለ። "ጎሳ ሲደክምህ አይተውህም፣ አንተም አትተወውም። ውሃውን አብረው ያዩ ሁሉ ይጠሩ። ወረ ቢሻኒ እንበላቸው።"

የውሃ ቤተሰብ ማለቱ ነው። አሁን ሁሉም ሳቀ፤ ፍርዱ ግን ፍርድ ነበር።

መልእክቱ ገበያ ሲደርስ ዘይነባ ያለችውን ሙሉ በሙሉ ልጽፈው አልችልም። ከሱቋ ተነስታ፣ ሻርፗን እያስተካከለች፣ ግራሩ ሥር ደረሰች።

"እኔ ከተውኩት ቆይቻለሁ! ትል ማየት ሰልችቶኝ ነው የተውኩት! አሁን የማላውቀው ጊደር ካሳ?"

"ስትተዪው ማንን አሰናበትሽ?" አላት አባ ሄሬጋ።

ሻርፗን እንደገና አስተካክላ ከኋላችን መጥታ ቆመች። አዴ ሎኮ በበኩላቸው መጥተው ከጎኔ ቆሙ፤ "ደግሞ ለዚህ ይጮኻል እንዴ፣ ልጅ አጥፍቶ ወገን ሲከፍል ዛሬ አይደለም የተጀመረው" አሉ። ሰባውን ያለፉትን ሃምሳ አለቃ ነው ልጅ ያሉት። አስተማሪዎቹም እየተነጫነጩ መጡ። ተዋጥተን ለአባ ጉዮ ጊደር ገዛን። ሃምሳ አለቃ ያን ሁሉ ሰው ከኋላቸው ሲያዩ ኮፍያቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ።

ፍርዱ አንድ ነገር ጨምሮ ነበር። አባ ሄሬጋ በራሱ እጅ እሾሁን መውረጃው ላይ አጋደመ፤ ሃምሳ አለቃም ዘብ እንዲቆሙ ታዘዙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "ውሃው መዳኑን በምን እናውቃለን?" ሲል ጠየቀኝ።

"ፍጡራኑ ሲመለሱ ነው። መጀመሪያ የሚመለሰውም ቆሻሻ የሚችለው አልቅቱ ሳይሆን አይቀርም።"

የሽማግሌዎቹ ሳቅ እስካሁን ይሰማኛል። አልቅትን ዕድሜ ልካቸውን ሲረግሙ የኖሩ ሰዎች አልቅት ጠባቂ ሆነው አረፉት።

ያ በጋ ረጅም ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ወንፊቱን እንጨልፋለን፣ ሳፋው ባዶ ነው። ዘይነባ ትመጣለች፤ "ከፍዬበታለሁ፣ አያለሁ" እያለች። ሌላው ቀን ግን ብቻዬን ነበርኩ። ከትምህርት ቤት ስወጣ እዚያ እሄድና ባዶውን ውሃ አያለሁ። ድምፅ የሌለው ረግረግ እንደኔ ቤት ነው፤ በሩ አለ፣ ግድግዳው አለ፣ የሚመልስልህ የለም። ከሩቅ ሃምሳ አለቃ እሾሁ አጠገብ ተቀምጠው አያቸዋለሁ። አንነጋገርም። እሳቸው ሐፍረታቸውን ይጠብቃሉ፣ እኔ ደግሞ ምን እንደምጠብቅ አላውቅም። ውሃው ላይድን ይችላል የሚለውን ፍርሃቴን ለማንም አልተናገርኩም።

ዝናቡ መጣ፣ ረግረጉም ታጠበ። ከዚያ በኋላ በአንዱ ከሰዓት፣ ሱሪዬን ጠቅልዬ ወደ ደንገሉ ገባሁ። ስወጣ ባቴ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ተሰማኝ። ዝቅ ብዬ አየሁ፤ ጥቁር፣ ደንደን ያለ፣ ደሜን በደስታ የሚመጥ አልቅት። አልነቀልኩትም። እንዳይወድቅብኝ እየሰጋሁ፣ አንድ እግሬን እየጎተትኩ፣ እሾሁ ዘንድ ደረስኩ።

"ሃምሳ አለቃ!"

አዩት። ተነሱ። የካፖርታቸውን ቁልፍ እስከ አንገት ቆለፉ፣ ተረከዛቸውን አጋጩና ለአልቅቱ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡት። ከዚያ ሁለታችንም መሬት ላይ ተቀምጠን ሳቅን፤ ደሙ ጫማዬ ውስጥ እየገባ።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚያ ወዲህ ብቸኝነቴ ጠፋ ብዬ አልዋሽህም። ሃምሳ አለቃን ቀብረናቸዋል፤ ሐዘን የተቀመጠው ወረ ቢሻኒ ነው፣ ዘይነባም ከሁሉ በላይ ጮኻ አለቀሰች። ራዲዮዬ አሁንም አለ፤ አንዳንድ ማታ አሁንም እመልስለታለሁ። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። ወገን ከላይ ተሰጥቶህ የምትወለድበት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለአንድ ሰው ጥፋት ከኋላው ስትቆምም የሚጀመር መሆኑን አላውቅም ነበር። አንተም ከማን ኋላ እንደምትቆም ካላወቅህ፣ እስኪ ብቻውን የቆመ ሰው ካለ ዙሪያህን ተመልከት።

ባለፈው ሰሞን ገበያ ውስጥ የማላውቃቸው ሽማግሌ ከተልተሌ ከብት ይዘው መጥተው ኖሮ ሰላም አሉኝ። የሰውን ሰላም ጠየቁ፣ የከብቱን፣ የሣሩን፣ የውሃውን። ከዚያ ያችን ጥያቄ አመጧት።

"የማን ልጅ ነሽ?"

"ወረ ቢሻኒ ነኝ" አልኳቸው።

ሽማግሌው ፈገግ አሉ፤ ወሬያችን ተልተሌም ደርሶ ኖሯል። ጨዋታው አልቆመም።

"የአልቅቱስ ሰላም?"

"ነጋ" አልኳቸው። "ሰላም ነው፣ አባባ።"